ስለ መናፈሻዎ ጸጥታና ስለ እማማ የሺዓለም መርዶ

ለተከበሩ የአዛዥ ግቢ ቤተ መንግሥትና የሕዝብ መናፈሻ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ የሣርዎና ሣሩን ቀን ከሌት የሚያጠጡት ቧንቧዎች ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኛ የመናፈሻዎ የቀድሞ ነዋሪዎች፣ ማለትም ቦታው የዶሮ ማነቂያ ጥግ በነበረበት ዘመን እዚያው ላይ ቤትና ደጅ የነበረን ሰዎች፣ በየተበተንንበት ኮንዶሚኒየም ደኅና ነን። ውኃ አይወጣልንም እንጂ አየሩ ጥሩ ነው።

ስሜ ካሣሁን ነው። ዕድሜዬን በቸርችል ጎዳና ዳር የሰው ሱፍ ስሰፋ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ የሰፈራችን እድር ዳኛም ነኝ። ሰፈሩ ፈርሶ ዳኛው መቅረቱ ሊያስቅዎ ይችላል፤ ነገር ግን እድር ዶዘር የሚያነሣው ነገር ስላልሆነ እስካሁን አለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ ግቢዎን በጎበኘንበት ዕለት ስለተደረገልን መስተንግዶ ለማመስገን፣ በመጨረሻም አንዲት ትንሽ ነገር ለመለመን ነው።

ለምን እንደመጣን አስቀድሜ ላስረዳዎ። ጎረቤታችን እማማ የሺዓለም፣ ራጉኤል የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በጅቡቲ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ባልደረቦቹም በአካባቢው ካለ ቤተ ክርስቲያን ቀበሩትና ለእኔ ደወሉልኝ። እናቱ ግን አልሰሙም። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና፣ እሳቸውስ ስልክ የላቸውም ወይ ይሉ ይሆናል። አላቸው። በእኛ ዘንድ ግን መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎረቤት በማለዳ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ይዘው፣ የሚያውቁት ሽማግሌ በሚያውቁት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ እናት ስትወድቅ የሚይዛት እጅ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበትና። እኛ ደግሞ ከተማው ዳር በአራት አቅጣጫ ስለተበተንን፣ ሳይነጋ ሁላችንንም እማማ ዘንድ የሚያደርስ ታክሲ የለም። በአዲሱ ፎቃቸው ላይ እንኳን አብሯቸው የሚያለቅስ፣ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኙም። ስለዚህ ነገ ዛሬ ስንል ሳምንታት አለፉ፤ እማማም ልጄ ኔትወርክ የሌለበት አገር ገብቶብኛል እያሉ ስልካቸውን ቻርጅ ሲያደርጉ ከረሙ።

መላውን ያመጣው ሱፊያን ነው፤ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሱቅ የነበረው ሱፊያን። መናፈሻውን አብረን እንጎብኝ ብለን እንድንጋብዛቸው፣ እንደማንኛውም ጎብኚ ተዘዋውረን የቀድሞ ደጃፋቸው ቦታ ስንደርስ እንድናረዳቸው መከረን። እማማም ደጄን ላየው ነው ብለው ደስ አላቸው፤ ያላቸውን ጥሩ ቀሚስ ለበሱ። እንግዲህ መርዶ ለመንገር ትኬት የቆረጠ እድር ከእኛ በፊት ካለ ይንገሩኝና እጠይቀዋለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ቤተ መንግሥቱ አመሰግናለሁ። ጫማችን ላይ ላስቲክ አጥልቀን፣ ከገመዱ ወዲያ እንዳናልፍ ተመክረን፣ የእንግዶችን መኝታ ቤት ለማየት በቃን። ማንም የማይተኛበት አልጋ አንሶላው በየሳምንቱ እንደሚቀየር አስጎብኚዋ ስትነግረን፣ እማማ የሺዓለም ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ለአልጋው አዘኑለት።

ሁለተኛ፣ ስለ ውሻው አመሰግናለሁ። የግቢው የቀድሞ ባለቤት የሚወዱት ውሻ መቃብር በእብነ በረድ ተሠርቶ፣ ትኩስ አበባ ተቀምጦበት፣ ስሙም በሁለት ቋንቋ ተጽፎበት አየን። አስጎብኚዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለአፍታ ዝም እንድንል ጠየቀችን፤ ባርኔጣዬን አውልቄ ዝም አልኩ። የራጉኤል መቃብር ላይ ድንጋይ ይኑር እንጨት እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ የውሻውን ግን ፎቶ ሳይቀር ይዘናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ታሪክ ትምህርቱ። የእማማ ደጃፍ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራው ፏፏቴ ዘንድ ስንደርስ አስጎብኚዋ፣ ቦታው ቀድሞ ባዶ እንደነበር፣ ማንም እንዳልነበረበት ገለጸችልን። እማማም በትሕትና፣ «እንዲያው ማንም አልነበረም አትበይ ልጄ፣ እኔ ነበርኩ» አሏት። ልጅቷ ፈገግ አለችና ወደ አበባዎቹ ስም አለፈች። እንዲህ ያለ የሠለጠነ ትዕግሥት እኛ ሰፈር አልነበረም፤ እኛ ብንሆን አፍረን እንቆም ነበር።

አራተኛው ምስጋናዬ ለጥበቃ ሠራተኛዎ ነው፤ ይህን ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይፍቀዱልኝ።

አስጎብኚዋ ቀድማን ስትሄድ ከመንገዱ ወጣ ብለን ቆምን። ሴቶቹ ቀስ እያሉ እማማን ከበቧቸው፤ የሱፊያን ባለቤት ፊርደውስ ክንዳቸውን ያዘች። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። በዚህ ጊዜ ጥበቃው መጥቶ ያልተፈቀደ ስብሰባ እንዳደረግን አስታወቀን። ሱፊያን ወደ ጎን ወስዶ ነገሩን በጆሮው ነገረው፤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እንዲተወን በአላህ ለመነው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ሥልጠና የወሰደ ነበር እንጂ። እንደ ደንቡ አለቃውን መጠየቅ ስለነበረበት የእጅ ሬዲዮውን አነሣ፣ የፏፏቴው ድምፅ ስላስቸገረውም ጮክ አለ፦ «አለቃ! ልጃቸው የሞተባቸውን እናትዬ እዚህ ፏፏቴው ጋ ሊያረዷቸው ነው እያሉኝ ነው፤ ፈቃድ አላቸው እንዴ?»

መልሱም ከሬዲዮው ለሁላችን በሚሰማ ድምፅ መጣ፦ «ለቅሶ አይቻልም። ፎቶ ለመነሣት ከሆነ ይነሡና ይለፉ።»

ክቡር ሆይ፣ እማማ የሺዓለም ሰሙ። ሰምተው ምን እንዳደረጉ ላጫውትዎ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ከዚያም ያችን ምስኪን እናት በመካከላችን ይፈልጓት ጀመር። የፊርደውስን ፊት አዩ፣ የሌላውን ጎረቤታችንን የአጽብሐን ባለቤት አዩ፤ አይዞሽ ሊሏት፣ ሊያቅፏት እጃቸውን ዘርግተዋል። አንዷም ሴት ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ሁሉም ወደ መሬት ሲያይ፣ የተዘረጋው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ።

እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር፤ እርጅና እንዳይመስልዎ፣ ንዴት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎብኚዎችዎ በስልካቸው ቀርጸውታልና ማየት ይችላሉ። ጥበቃዎችዎ በጨዋነት ደግፈው ከበር አስወጡን። እማማን ራስ መኮንን ድልድይ ዘንድ ከመንገድ ዳር አስቀመጥናቸው። ካልሲ የሚሸጡት፣ አቮካዶ የሚሸጡት፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ዕቃቸውን መሬት ላይ ትተው አብረውን ተቀመጡ። የሚያስፈቅዱት አለቃ ስለሌላቸው ይሆናል።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። እማማ የሺዓለም መርዶውን አልቀበልም ብለዋል። የተናገረው ዘበኛ ነው፣ እሱም ለእኔ አልነገረኝም፤ የራሴ ሰዎች ፊቴ ቆመው እስካልነገሩኝ ድረስ ልጄ አልሞተም ይላሉ። ፎቃቸው ድረስ ሄደን ልንነግራቸው ሞከርን። በሩን ሳይከፍቱ፣ እዚህ ማን ያውቀኛል፣ በደጄ ንገሩኝ ብለው መለሱን። ልጃቸውን እንዳያለቅሱ አድርገን ይኸው ተቀመጥን።

ስለዚህ አንድ ቀን ማለዳ፣ ጎብኚ ሳይገባ፣ እማማን ይዘን ፏፏቴው አጠገብ ለጥቂት ጊዜ እንድንቆም እንዲፈቅዱልን እለምናለሁ። ውኃውንም ለአፍታ ቢያጠፉልን፣ በዕድሜዬ ጮክ ብዬ መናገር አልችልምና፣ ትልቅ ውለታ ነው። ሣር አንረግጥም፣ አበባ አንነካም። ይህንኑ በቃል ለቢሮዎ አቅርበን ነበር፤ ለሠርግ፣ ለልደትና ለምርቃት ፎርም እንዳለ፣ ለመርዶ ግን እንዳልተዘጋጀ ተነገረን። ጸሐፊዎ ደግ ልጅ ነች፤ በልደት ብንሞላው እንደሚፋጠንልን መከረችን። እኔ ግን የሞተን ልጅ በልደት ፎርም ለመሙላት እጄ እሺ አላለኝም።

የክቡርነትዎን ሥራና ሹመት የሚያይ ፈጣሪ፣ በክፉ ቀንዎ እንደ እኛ ያለ ጎረቤት እንዳያሳጣዎ እየለመንኩ፣ ያልተፈቀደ ድምፅ ሳላሰማ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ካሣሁን እምሩ
ባዶ ነበር በተባለው ቦታ የነበረው እድር ዳኛ

ማሳሰቢያ፦ ጉዳያችን በየደረጃው ታይቶ እስኪወሰን ጊዜ የሚወስድ ከሆነ በእኛ የተነሣ ፈጽሞ እንዳይጨነቁ። እማማ የሺዓለም እህል መቅመስ ትተዋል፤ እርስዎ ፈርመው ሳይጨርሱ ከራሱ ከራጉኤል አፍ ይሰሙታል።