ጀርባ ለጀርባ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ለእታለሜ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን እሺ አለሽ? ባልሽስ፣ ያ ሳቂታው አናጢ፣ ወገቡ ተሻለው ወይስ አሁንም ሣንቃ ባነሳ ቁጥር ያንቺን ስም ይጠራል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የልጅሽ የእጅ ጽሑፍ እንዴት አምሯል እባክሽ! እንደ ወትሮው «ሁላችንም ደህና ነን» ይላል። እሷን «ደህና ነን» ግን ዛሬ ዝም ብዬ አላልፋትም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሽበታለሽ። መጀመሪያ የእኔን ጉድ ስሚ።

በልብስ ማጠቢያው የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ እንደተሾምኩ ጽፌልሽ ነበር። እኛ ዘንድ ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የምንነጋገረው በእጅ ነው። ጡጫ ከተነሳ «ማሽኑን አቁም»፣ መዳፍ ከተዘረጋ «ባዶ ነው»፣ ጣት ከተሽከረከረ «ቶሎ በል» ማለት ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ እብዶች መሃል የገባ ይመስለዋል፤ በሳምንቱ እሱም አንዱ እብድ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ትልቁ ማሽን ላይ የሚሠራውን ሰው ዋርካው እንለዋለን። ቁመቱም ቁመት ነው፣ ደግሞ የከፋው ሁሉ እሱ ጥግ ሄዶ ነው የሚጠለለው። ከዚህ ሰው ጋር ከአምና ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆነን ነበር። ማሽኖቹ ቆመው እንኳ ከኋላው ስጠራው አይዞርም። በዕረፍት ሰዓት ተሰብስበን ጨዋታ ስንጀምር ብድግ ብሎ ይሄዳል። ሹመቱ ለእሱ ይገባ ነበር የሚሉ ስለነበሩ፣ ቅናት ነው አልኩ። ያንቺን ወንድም ታውቂው የለ፣ ነገር ሆዱ ከገባ አይወጣለትም። ሲብላላብኝ ከርሞ ለሥራ አስኪያጇ ሰውየው ንቆኛል፣ ወይ እሱ ወይ እኔ አልኳት። እሷም መጀመሪያ ሁላችሁም የተዘጋጀላችሁን ሥልጠና ውሰዱ፣ ሲያልቅ አሁንም ይሂድ ካልከኝ አሰናብተዋለሁ አለችኝ። የእሱና የሦስት ልጆቹ ጉሮሮ እኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሥልጠናው የአመራርና የመግባባት ነው ተባለ። አለቃውንም ሠራተኛውንም አንድ አዳራሽ አስገቡን። ጸጥታው ያስፈራ ነበር። አንዷ ልብስ ተኳሽ ውኃ እንዲያቀብሏት ስትጠይቅ፣ ማሽን መሃል በለመደችው ጩኸት ስለሆነ አሠልጣኟ ከወንበሯ ዘለለች። አሠልጣኟ ለስላሳ ሴት ናት። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ አታዘጋጁ፣ የሰማችሁትን መልሳችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ፍረዱ ትላለች። አንቺ በቁንጥጫ ያስተማርሽኝን በወረቀትና በብዕር ነው የሚያስተምሩን ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ሳቅኩ እንጂ ገና አልተማርኩም ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሁለት ሆነን ጀርባ ለጀርባ እንድንቀመጥ አዘዘችን። አንዱ የተሰጠውን ሥዕል በቃል ይገልጻል፣ ሌላው ሳያይ ይሥላል። ሥራ አስኪያጇ ነግራት ነው መሰለኝ እኔን ከዋርካው ጋር አጣመረችኝ። ሥዕሌ ባለ ሁለት መስኮት ቤት ነበር፤ በስተቀኙ ዛፍ፣ ጣሪያው ላይ ወፍ። አንድ በአንድ ነገርኩት። ወረቀቶቹ ከፍ ሲሉ የእሱ ባዶ ነበር፤ አንዲት ጭረት የለችበትም። አዳራሹ ሳቀ፣ የእኔም ደም ፈላ። ይኸው በሰው ፊት ናቀኝ ብዬ ተነሥቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ ጥርሴን ነክሼ፣ በሹክሹክታ «ቤት ነው ያልኩህ» አልኩት። ከንፈሬን አየና ወዲያው እርሳሱን አንሥቶ ቤት መሣል ጀመረ።

እታለሜ፣ ያኔ ነው የገባኝ። ሰውየው አይሰማም። ከኋላ ስጠራው የማይዞረው፣ ከጨዋታው መሃል የሚነሣው፣ እኔን ጠልቶ አልነበረም። እኛ ሁላችን በእጅ ስለምናወራ አንዳችን መስማት ብናቆም ማን ያውቃል? ጫጫታው ደብቆት ኖረ።

አሠልጣኟ መጥታ ምን እንደሰማ ጠየቀችው። እሱ እሷን ሳይሆን እኔን አየ። ያን የሚያህል ሰው እንዲህ የሚለምን ዓይን አለው ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ወደ ውስጤ ነው ያጉተመተምኩት አልኩ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠብቄ ጆሮዬን ነካሁና መዳፌን ዘረጋሁለት። ባዶ ነው? ማለቴ ነው። እሱም ግራ ጆሮውን ነክቶ መዳፉን ሙሉ በሙሉ ዘረጋ፤ ቀኙን ነክቶ ግን ግማሽ ብቻ። ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብሎም፣ «ደንቆሮ ማሽን ላይ ያቆማሉ እንዴ? ለልጆቼ ስል ነው» አለኝ።

መደበቁ ቀላል ነበር፤ ዓመት ሙሉ ተደብቆ የለም? ግን ማሽኑ ሲበላሽ የሚጮህ ደወል አለው፣ ያን ካልሰማ አንድ ቀን እጁን ይበላዋል። ይህን ስነግረው ፊቱን አዞረብኝ። በበነጋው ግን ራሱ መጥቶ እጄን ይዞ ወደ ሥራ አስኪያጇ ወሰደኝ። መጀመሪያ እኔ ያልኩትን ስሕተት ነበር ብዬ መለስኩ፤ ቀጥሎ እሱ የራሱን በራሱ አፍ ተናገረ። ሥራ አስኪያጇም ሐኪም ዘንድ ላከችው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በመሣሪያ መርዳት ይቻላል ተባለ። ከደወሉ ጎን ቀይ መብራት ተሰቀለለት፤ ዋርካው ዛሬም ማሽኑ ላይ ነው። የሁላችንም ጆሮ ተመርምሯል። የእኔም ግራ ጆሮ ትንሽ መድከም ጀምሯል፤ አትደንግጪ፣ መሸፈኛ ተሰጥቶኛል።

ለባልሽ ለአናጢው ሰላም በይልኝ፣ ሣንቃውን ለሁለት ይሸከመው። ለትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን እንዲያጠብቅ ንገሪልኝ። አጥር ለአጥር ለምትጣሏት ጎረቤትሽም ሰላምታዬን አቅርቢ፣ ለእኔ ስትይ። አንቺ ደግሞ፣ ይህን ለእናትሽ ጮክ ብለሽ የምታነቢላት የእህቴ ልጅ፣ ቀጥሎ ያለውን ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላት።

እታለሜ፣ የቅርቦቹ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ በልጅሽ እጅ የተጻፉ ናቸው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብለሽኝ ነበር፣ እኔም ሳልጠይቅ አመንኩሽ። አሁን ልጠይቅሽ። ዓይንሽ እንዴት ነው? ደህና ነኝ አትበይኝ። በገዛ እጅሽ አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ። ቀጥ ካለ እሰየው ነው። ከተጣመመም ሥራ አስኪያጇ ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ መጥቼ እጅሽን ይዤ ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ።

ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ዝም ባሉበት