በጆሮዬ የቀረው የእታገኘሁ ግጥም

ለውድ እህቴ ለወይዘሮ ዘቢደር፤

ባሕርና በረሃ በመካከላችን ቢዘረጋም ከልቤ ደጃፍ ላልራቅሽው ለእናቴ ልጅ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንደምን ነው? ክረምት በገባ ቁጥር የሚቀሰቅስብሽ የወገብ ሕመም በጥቅምት ፀሐይ ለቀቅ አደረገሽ ወይ? ከብቱ፣ ማሳው፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ከረመ? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ዓይኔ ደከም ቢልም ጆሮዬ ዛሬም የኔታ እንደሞረዱት ነው። ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ የልጅ ልጅሽ ያብሰራ ናትና፣ አራት ነጥብ ባየች ቁጥር እንድትተነፍስ ንገሪልኝ። ባለፈው በስልክ ስታነብልኝ ከሰው ማሳ እንደተባረረች ፍየል ነበር የምትሮጠው።

እኔ በሻርጃ ከልጄ ከኤዶም ጋር አለሁ። ቤቷ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ከመስኮቷ የሚታየው ሌላ መስኮት ነው። እሷ ወደ አየር መንገድ ሥራዋ ስትሄድ ከግድግዳ ጋር ተፋጥጬ እውላለሁ። ይህ አሳዝኗት ይመስለኛል፣ በአንዱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «አባዬ፣ ዛሬ እርስዎ የሚወዱት ነገር አለ» ብላ ዱባይ ውስጥ ወዳለው ሰፈር ወደ አል ቁሰይስ ወሰደችኝ። በአንድ የአገራችን ሰው ምግብ ቤት የኋላ አዳራሽ ውስጥ የግጥም ጉባኤ ተሰብስቦ ቆየን። ጉባኤውን የሚመራው ሰሎሞን የሚባል፣ በሆቴል እንግዳ ተቀባይነት የሚሠራ፣ አገር ቤት መጽሐፍ ያሳተመ ጎልማሳ ነው። እሱና ጓደኞቹ የራሳቸውን በየተራ ካነበቡ በኋላ፣ «ያላ፣ አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው፤ በልቡ የያዘ ሁሉ ይነሣ!» ይላል። ከታዳሚው የሚበዙት በሰው ቤት የሚሠሩና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወጡ ሴቶች ናቸው።

እህቴ፣ ምን ልበልሽ! የየኔታ ዘመድኩን ጉባኤ ፊቴ ተደቀነ። አባታችን አንቺን በበቅሎ አፈናጥጠው ስንቅ ሊያደርሱልኝ የመጡ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ተማሪው ሁሉ ደበሎውን ተከናንቦ በየጽዱ ሥር ለየብቻው ተጋድሞ ብታዪ፣ «እነዚህ ሁሉ ታመዋል ወይ?» ብለሽ አሳቅሽን። አልታመምንም፤ ቅኔ እየቆጠርን፣ በልባችን እየገጠምን ነበር። የቆጠርነውን ለየኔታ ቀርበን እንነግራለን። በወረቀት የሚያሰፍር አልነበረም፤ ከአፍ ይወጣል፣ በጆሮ ይቀራል። የኔታ ለማይረባው ተማሪ፣ «ደኅና ነው ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደሚቀጥለው ያዞራሉ። ተስፋ የጣሉበትን ግን በጉባኤ ፊት፣ «ቤቱ ዘሟል! ሂድና እንደገና ቁጠረው!» ብለው ይገሥጹታል፤ ስንኙ ሚዛኑን ስቷል ማለታቸው ነው። ያ ተግሣጽ ከካባ ይበልጥ ነበር። እኔ መጀመሪያ የተገሠጽሁ ዕለት ከደስታዬ የተነሣ እህል አልቀመስሁም። ያ ጽድ፣ ያ ብርድ፣ ያ የተራበ ሆድ ዛሬ እንዲህ ይናፍቀኛል ብሎ ማን ባሰበ!

በዚያ እሑድ እታገኘሁ የምትባል፣ ሚርዲፍ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር ልጆች የምታሳድግ ሴት ተነሣች። በሕይወቷ ግጥም ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ እንዲህ ብላ ጀመረች፦

የማዳምን ልጅ ልብስ ተኩሼ ሳጥፈው፣
የልጄን ቁመት በሱ ለካሁ ሳላቅፈው።

ልቤ ከስፍራው ተነሣ። እየቀጠለች ሄዳ ግን ወደ መጨረሻው ስንኝዋ አነከሰ። ስለዚህ የኔታ እኔን እንዳከበሩኝ እኔም ላከብራት ብዬ፣ በዘንጌ ተመርኩዤ ቆምሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቤቱ ዘሟል! ሂጂና እንደገና ቁጠሪው!» አልኋት። ከእሷ አስቀድሞ ላነበበው ለሰሎሞን ግን፣ «ደኅና ነው ልጄ» ብዬው ነበር፤ እሱም እጅ ነሥቶ አመሰገነኝ።

እታገኘሁ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ጥቂት ተቀመጠች፤ ከዚያም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። እኔ ልትቆጥር የሄደች መስሎኝ በልቤ፣ «ጎበዝ ተማሪ!» እል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ዓይኔን ከበሩ ሳላነሣ ዋልሁ፤ አልመጣችም። ስንመለስ ኤዶም መኪናዋን እየነዳች፣ ወደ እኔ ሳትመለከት፣ «አባዬ፣ እታገኘሁ እኮ ግጥሙን ከስልኳ አጥፍታዋለች። ኸላስ፣ ትቻለሁ፣ እኔ የመጥረጊያ እንጂ የብዕር ሰው አይደለሁም ብላለች። ያለቻትን አንዲት ቀን እርስዎ ነጠቋት» አለችኝ። ልጄ እንዲህ ስትናገረኝ የመጀመሪያዋ ነው። ተግሣጹ ሐሰት ነበር አልልሽም። ነገር ግን በየኔታ ጽድ ሥር የተገሠጸ ተማሪ፣ አጠገቡ ተጋድሞ «አይዞህ» የሚለው ጓደኛ ነበረው። ይህቺ ሴት የእኔን ቃል ታቅፋ የገባችው ብቻዋን ወደ ማዳም ቤት ነው።

ሰንብተን ኤዶም አየር እንድለውጥ ብላ ክሪክ ወደሚባለው የዱባይ የባሕር ሰርጥ ወሰደችኝ። የእንጨት መርከቦች ፍራሽና ማቀዝቀዣ እስከ አፋቸው ጭነው ወደ እኛ ወደ አፍሪካ ሊነሡ ይሰናዳሉ። ያን እያየሁ ሳለሁ፣ የእታገኘሁ ግጥም ከነትንፋሿ በጆሮዬ መጣ። «ኤዶም፣ ያ ግጥም አልጠፋም፤ እኔ ዘንድ አለ። ስልክሽን አውጪና ድምፄን ላኪላት» አልኋት። በድንጋዩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ መንገደኛው ቆሞ እያየኝ፣ ግጥሙን ከራሱ እስከ ጭራው ወረድሁት። አነከሰ ያልሁትን ስንኝ እንኳ እንዳነከሰ ተውሁት፤ የሰው ንብረት ነውና። በመጨረሻም፣ «ልጄ፣ በእኛ ትምህርት ቤት የማይረባ ነገር በጆሮ አይቀርም፤ ያንቺ ቀርቷል። የተገሠጽሽውም ስለዚሁ ነው። አሁን ከእኔ በቀር የያዘው የለም፣ እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ ሳልሞት መጥተሽ ተረከቢኝ» አልሁ።

መልሷ በማግስቱ በድምፅ መጣ፤ ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል። «አባባ፣ እኔ እኮ የሰደቡኝ መስሎኝ ነበር! ያችን አንካሳ ስንኝ ግን ከጆሮዎ ያውጡልኝ፤ ልብስ ስተኩስ ሌላ መጥታልኛለች» አለች። እሑድ ከሁሉም ቀድማ አዳራሹ ውስጥ ተገኘች። ስልኳን ሳትይዝ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማ ስትፈጽም እንዲህ አለች፦

የላክሁት ልብስ ጠቦት አለቀሰ ልጄ፣
አድጓል ብዬ ሳቅሁ ባዶ ታቅፎ እጄ።

እኔ ካዘዝኋት ይልቅ ርቃ ሄዳለች። እንደ የኔታ ጉባኤ ሥርዓት፣ ለሠመረ ቅኔ እንደሚባለው፣ «ይበል!» ብዬ ጮኽሁ፤ ትርጉሙን ያላወቁት ሴቶች ሁሉ ተከትለውኝ «ይበል!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ነው። አንዷ ሜትሮ ውስጥ ቆማ ትቆጥራለች፣ ሌላዋ ዕቃ ስታጥብ፤ ለእኔም በድምፅ ይልኩልኛል። ሰሎሞንም የ«ደኅና ነው» ትርጉም ሲገባው፣ «አባባ፣ እባክዎ እኔንም ይገሥጹኝ!» እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል። ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እናታችን ያረፉ ዕለት ደረትሽን እየመታሽ ያወረድሽው ሙሾ ስንት ዘመን በጆሮዬ ኖሯል። ስለ ቀሚሳቸው ያልሽው አለኝ፣ ስለ ደጃፋቸው ያልሽውም አለኝ። ሕዝቡን ሁሉ ያንበረከከችው የመጨረሻዋ ስንኝ ግን ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ከድታኛለች፤ ተኝቼም ተነሥቼም ብፈልጋት አላገኘኋት። በጆሮዬ የምመካ ሰው ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ዛሬ ካንቺ በቀር የያዛት የለምና፣ በያብሰራ ስልክ በድምፅሽ ላኪልኝ። አታስተካክዪያት፤ እንደዚያን ዕለቱ ትምጣ። ፈቃድሽ ከሆነ እሑድ በዚያ አዳራሽ ከነስምሽ አሰማታለሁ።

ለልጅሽ ለሞገስ፣ ለመልካሚቱ ሚስቱ ለትዕዛዝ፣ ጤናዬን ለሚጠይቁ ጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የእናታችንን መቃብር የምትሳለሚ ጊዜ ስለ እኔም ተሳለሚ። ያብሰራን ሳሚልኝ፤ ይህን አንብባ ስትጨርስ ከራሷ ሁለት ስንኝ ቆጥራ ከሙሾው ጋር ትላክልኝ። «ደኅና ነው ልጄ» እንዳልላት ግን አጥብቃ ትጸልይ።

ወንድምሽ ይርጋ
ሻርጃ፣ ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.