ውሃው ብቻ መጣ

ሐሙስ፣ ሰኔ 14

ዛሬ ሐዋ የምትባል ሴት ከኩርሙክ በአይሱዙ ተጭና አሶሳ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ለመምህርነት ተመዝግባ ነበር። ለፈተና የተጠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር ያለው እኔ በሠራሁት ድረ ገጽ ላይ ነው። ድሮ በር ላይ ይለጠፍና ዘበኛው ለወረዳ ሰዎች በስልክ ያነብላቸው ነበር። ኃላፊያችን «አሁንማ ዘምነናል» ብለው ወረቀቱን አስቀሩት። የገጹን መግቢያ በሙሉ የግድቡ ፎቶ ይዞታል፤ ዝርዝሩ ከሥር ነው። ኃላፊው በቢሮው ኢንተርኔት አይተው አጨብጭበውልኛል።

ሐዋ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«ወንድሜ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅኩ። ውሃ ብቻ ይመጣል። ስም አይመጣም።»

«ችግሩ የስልክሽ ነው፤ ደህና ስልክ ግዢ» አልኳት። ዋሸኋት። ያ ፎቶ በኩርሙክ ኔትወርክ ተከፍቶ እንደማያልቅ፣ ከሥሩ ያለው ዝርዝርም እንደማይደርስ ገና ሳልጭነው አውቅ ነበር። ግን ያምራል፣ የእኔ ሥራ ነው፣ አላወርደውም።

በኮምፒውተሬ ከፈትኩላት። ስሟ አራተኛ ላይ ነው። ፈተናው ትናንት ተሰጥቷል።

«ቀደም ብለሽ አትመጪም ነበር?» ብዬ ጮህኩባት።

ስክሪኑ ላይ ስሟን በጣቷ ነካችና «ይሄ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ወጣች። የጣቷን አሻራ በሶፍት ጠረግኩት።

ከሰዓት ኃላፊው መጡ። «ፎቶው ግሩም ነው። ግን ውሃው ቢንቀሳቀስስ?» አሉ።

ስለ ሐዋ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። «ይቻላል» አልኩ።

ከቢሮ ሳልወጣ ገጹ ላይ ውሃው መፍሰስ ጀመረ። በጣም ያምራል።