የቁልፍ ሱቄ በካርታዎ መሐል

ለተከበሩ የወንጀለኛ ባሕርይና የካርታ ጥናት ክፍል ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነትና በጥሩ እንቅልፍ ላይ እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መርማሪዎችዎ ሱቄን ከጎበኙ ወዲህ እህል አይወርድልኝም፤ በር በተንኳኳ ቁጥርም ከመክፈቴ በፊት በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቄ አያለሁ። ቢሆንም ምስጋናዬን በሰው ሁሉ ፊት ሳላቀርብ መቅረት ነውር ሆኖ ታየኝ።

1ኛ. በጠራራ ፀሐይ በር እየሰበረ ብቻቸውን ያገኛቸውን ሴቶች የሚደበድበውን ሰው ለመያዝ መነሣትዎን አደንቃለሁ። ከተደበደቡት አንዷ የልጄ አስተማሪ ናት፤ መንጋጋዋ እስካሁን እንደታሰረ ነው። ስለዚህ ባልደረቦችዎ የጠገንኳቸውን የተሰበሩ በሮች የመዘገብኩበትን ደብተር እንዳውሳቸው ሲጠይቁኝ፣ ሻይ ጋብዤ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

2ኛ. በደብተሬ የሰፈሩትን አሥራ ሰባት ቤቶች በካርታ ላይ በመርፌ ወግተው፣ በዙሪያቸው ክብ አስምረው፣ ወንጀለኛው ከክቡ መሐል እንደማይጠፋ ስለደረሱበት እንኳን ደስ ያለዎት። መሐሉ ላይ የተገኘው የእኔ ሱቅ ነው። በሩ የተሰበረበት ሰው የሚጠራው ቅርቡ ያለውን ቁልፍ ሠሪ እንደሆነ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ደብተሩን ከወንዝ ማዶው ቁልፍ ሠሪ ተውሳችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ክቡ ተነሥቶ እሱ ደጅ ይሄድ ነበር። መርማሪዎ ግን ካርታ አይዋሽም አሉኝ።

3ኛ. የሥነ ልቦና ባለሙያዎ ተፈላጊው እጁ የሠለጠነ፣ ቁጥብ፣ የሰው በር የሚያውቅ፣ ፖሊስን ለመርዳትም የሚሽቀዳደም ነው ብለዋል። ሻዩን ባልጋብዝ ኖሮ ምናልባት አንዱ ይቀነስልኝ ነበር። መጀመሪያ ስጠየቅ ላብ አጠመቀኝ፤ የጥፋተኝነት ምልክት ተብሎ ተጻፈ። በማግስቱ ባለቤቴ መክራኝ ረጋ ብዬ ብቀርብ፣ ጸጸት የማያውቅ ተብዬ ተመዘገብኩ። ሌላ ፊት ቢኖረኝ ይዤ እቀርብ ነበር።

4ኛ. ከሱቄ ፊት ለፊት ሁለት ጠባቂዎች ስላቆሙልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደንበኞቼ እነሱን እያዩ ከመንገድ ይመለሳሉ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዋን ነሥታኛለች። ልጄ ትናንት የአስተማሪዋን በር የሰበርኩት እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። መታሰሩን እፈራለሁ፤ ከዚያ ይልቅ ደግሞ እናንተ እኔን ስታዩ ያ ሰውዬ እንደልቡ የሚመላለስባቸውን መንገዶች እፈራለሁ።

ከደጁ ፈቀቅ ሳይል ትእዛዝዎን የሚጠባበቅ፣ ለጥናትዎ መሳካት ሳይወድ በግዱ የደከመ፣ እጅግ ታዛዥዎ፣
ቁልፍ ሠሪው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከትናንት በስቲያ ቀትር ላይ የታላቅ እህቴ በር ተሰበረ፤ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስለነበር በአጥር ሾልካ ተረፈች። በዚያች ሰዓት ሁለቱ ጠባቂዎችዎ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው ነበርና ይመሰክሩልኛል ብዬ ቢሮዎ ሮጥኩ። የእህቴ ቤት ከክቡ ውጭ ስለሆነ ከፋይሉ ጋር እንደማይገናኝ በትሕትና ተነገረኝ። አሁን ቁም ሣጥን ከበሩ ላይ አስደግፋ፣ የኩሽና ቢላዋ ይዛ ተቀምጣለች። አዲሱ ቁልፍ በእጄ ነው፤ ሄጄ ልግጠምላት ብል የእሷም በር በስሜ እንዳይጻፍ ፈራሁ። እባክዎ፣ እርስዎ የማይጠረጥሩት ቁልፍ ሠሪ ካለ ዛሬውኑ ይላኩላት።