ቀደር የተባለው ቺንጋ

ሐረር፣ ጀጎል
ጥቅምት ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንደሻው፣
የለውዝ ዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ደህና እንዲሆኑ፣ በተለይም እጅና እግርዎ በየቦታቸው እንዳሉ ይህ ደብዳቤ እንዲያገኝዎ ዱዓዬ ነው። እኔ ባለፈው ወር መዘውሩን የሚያዞረው የሞተርዎ የቆዳ ቺንጋ ሽርጡን ይዞ ወደ ውስጥ ጎትቶ የገደለው የከድር ዩሱፍ ታናሽ ወንድም፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ደብዳቤውን ወደ ቢሮዎ ያልላክሁት ጸሐፊዎን ላለማድከም ብዬ ነው፤ በጀጎል በሮች ላይ ከለጠፍሁት ለገበያ የሚገባውም የሚወጣውም ያደርስልኛል።

ከድር በተቀበረ በሳምንቱ "የሠራተኞች ደህንነት ፕሮግራም" ስላቋቋሙ ቤተሰባችን ምስጋናውን ያቀርባል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ለመጀመር አንድ ሰው መሞት ካለበት፣ የእኛ ሰው በመመረጡ የተሰማንን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ሆኖም አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮችን እንዳነሣ ይፍቀዱልኝ።

፩) "ጥንቃቄ!" ተብሎ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ቆርቆሮ እጅግ ያምራል። የተመታው ግን ከቺንጋው በስተጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ አጥርቶ ለማንበብ በቺንጋው ላይ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ደግነቱ አብዛኞቹ ሠራተኞችዎ ከሶፊና ከድሬ ጠያራ ገጠር የመጡ፣ አማርኛን የሚናገሩ እንጂ የማያነቡ በመሆናቸው እስካሁን ያጎነበሰ የለም። ጆንያ ተሸካሚው አባ ሙሜ ምን እንደሚል ጠይቀውኝ ብነግራቸው፣ "ታዲያ ይህን ለቺንጋው ማን ያንብብለት?" አሉኝ። ጥያቄያቸውን ወደ እርስዎ አስተላልፌአለሁ።

፪) ሠራተኛ ሁሉ ሽርጡን ጥሎ ሱሪ እንዲለብስ አዝዘዋል። ፍርዱ ፈጣን ነበር፤ ሽርጡ ጥፋተኛ ተባለ፣ ቺንጋው በነጻ ተለቀቀ። አምና ይኸው ቺንጋ የመካኒኩን የአቶ ሥራዬን እጅ ሲሰብር የያዘው የሸሚዝ እጅጌ ነበር፤ ያን ጊዜ ሸሚዝ ለምን እንዳልተከለከለ አላውቅም።

፫) ቺንጋው ከፋብሪካው ጋር የመጣ የብረት ክዳን ነበረው። ቺንጋው በወለቀ ቁጥር ክዳኑን መፍታትና መግጠም ሥራ ያስፈታል ተብሎ ተነሣ፤ ዛሬ የዘበኛው ጎጆ ጣሪያ ሆኖ ያገለግላል። ከድር እራት ላይ "ዝናቡ ዘበኛውን እንዳያገኘው፣ ቺንጋው እኛን ያግኘን ተባለ" እያለ ያስቀን ነበር። በየቀኑ በዚያ ጣሪያ ሥር የሚያልፉት እርስዎ ግን ቀና ብለው አይተውት የማያውቁ መሆንዎን ስረዳ፣ ሥራ ምን ያህል እንደበዛብዎ ገባኝ።

፬) አሁን የማነሣው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ሊደርሱን፣ ቤታችን መጥተው ጫማዎን አውልቀው ከመደቡ ላይ ሲቀመጡ፣ እናቴ ዘምዘም ለመጣው ሁሉ እንደምትለው "ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው" አለችዎ። ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ የሚይዘው ምርኩዝ ነው፤ ካላለችው ከተቀመጠችበት አትነሣም ነበር። እርስዎ ግን የአገሩን ቃል ለማወቅ ብዙ የደከሙ ሰው ስለሆኑ ቃሉን ይዘውት ሄዱ። ፕሮግራሙ በተመረቀ ዕለት፣ እናቴን ከፊት አስቀምጠው፣ "የሟች እናት ራሳቸው ቀደር ነው ብለው መስክረዋል፤ ጥፋተኛ የለም" ብለው ተናገሩ። አቶ ሥራዬ ስለ ክዳኑ ቢጠይቁዎ "ቀደርን ክዳን ይመልሰዋል እንዴ?" አሏቸው፤ ሰዎችም ሳቁ። እናቴ የገዛ ቃሏ የልጇን መዝገብ ሲዘጋ ተቀምጣ ሰማች።

ክቡር ሆይ፣ እኛም ቀደር እያልን ማታ በራችንን እንዘጋለን፤ ሕፃን ወደ ጉድጓድ አፍ ሲሄድ ሮጠን እንይዛለን። የከድርን ቀን አላህ እንደጻፈው አምናለሁ። ክዳኑ ይነሣ የሚለውን ትእዛዝ የጻፉት ግን እርስዎ ነዎት።

፭) በመጨረሻም ስለ ትልቁ ቸርነትዎ። "የወንድምህ ቦታ ላንተ ተጠብቋል" አሉኝ። አጎቴ እጅዎን ሊስም ምንም አልቀረው፤ ሽማግሌዎችም መረቁዎ። በዚያ ላይ ማንበብ ስለምችል በየጠዋቱ የጥንቃቄውን ደንብ ለሠራተኛው እንዳነብ ሹመት ተጨመረልኝ። አባታችን የለም፤ ቤታችንን የያዘው ከድር ነበር። እምቢ ብል እናቴና ሁለቱ እህቶቼ ጦም ያድራሉ፤ እሺ ብል እናቴ ሁለተኛ ልጇን ወደዚያው ቺንጋ ትሸኛለች። ጀጎል አምስት በር አለው ይባላል። እኔ ግን በየትኛውም ብወጣ የምደርሰው እርስዎ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ሰኞ እመጣለሁ። ደብተሮቼን ለታናሽ እህቴ ለአይሻ ሰጥቻለሁ፤ ሱሪም አለኝ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከዚያ ክዳኑ ከዘበኛው ጎጆ ወርዶ ወደ ቦታው ይመለስ። ዘበኛው ዝናብ ይመታዋል ብለው እንዳይጨነቁ፣ "ጥንቃቄ!" የሚለው ቆርቆሮ ልክ ይሆነዋል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ሰው ይጠብቃል።

ከሰኞ ጀምሮ ትሑት ሠራተኛዎ፣ እስከ እሑድ ግን ተማሪና የከድር ወንድም ሆኜ የምቆየው፣

ሳኒ ዩሱፍ

ግልባጭ፦
ለቺንጋው፣ የሚያነብለት ከተገኘ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ አንድ መልእክት አድርስልኝ ብላኛለች። እኔንም እንደ ከድር ተሸክመው ያመጡኝ እንደሆነ፣ እርስዎ ለተዕዚያ ሲመጡ እንደ ወጉ በሩን ትከፍትልዎታለች፤ መቀመጫም ትሰጥዎታለች። ቃል ግን አትሰጥዎትም።