ስለ ጎረቤታችን ሆድ

ይድረስ ለልጄ ለነሲባ፣ ጅማ።

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ። ጤናሽ እንደ መስኖ ውሃችን ሳይቋረጥ ይፍሰስ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማንጎው አብቧል፤ ከሥሩ ጋደም ስል ሰማዩ በቅጠሉ መሃል ይዋኛል።

ባለፈው በስልክ ስለ ትምህርትሽ የነገርሽኝ ከልቤ አልጠፋም። አዴኖሲን የሚባል መልእክተኛ አለ፣ በጨጓራ ጡንቻ ላይ ደግሞ ተቀባዮች አሉት፤ አንዱ ተቀባይ መልእክቱ ሲደርሰው ጡንቻውን ያኮማትራል፣ ሌላው ያላላዋል አልሽኝ። እኔ ተቀባይ ስትዪ በሰርግ ደጃፍ ቆመው እንግዳ የሚቀበሉት መስለውኝ ነበር። ትናንት ከዙህር ሶላት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ በሕልሜ አየኋቸው። ጥምጥማቸው ተንጋዶ፣ በር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ እንግዳው ግን ቆሞ ቀርቷል።

እና ለአንድ ጎረቤታችን ልጠይቅሽ። የጠዋት ቂጣ እስከ መግሪብ ከሆዱ አይወርድለትም። ተቀባዮቹን የሚቀሰቅስ ነገር ይኖር ይሆን? ወልድያ ሄደህ ታይ ቢሉት፣ ወሬው ልጄ ጋ ይደርሳል፣ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች ብሎ እምቢ አለ። በስልክ ያልጠየቅሁሽ እናትሽ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው።

እሷም ሰላም ብላሻለች። ዛሬ ሱሪዎቼን ይዛ መርሳ ልብስ ሰፊው ዘንድ ወርዳለች፤ ሁሉም ወገባቸው ሰፋኝ።

አላህ ከክፉ ይጋርድሽ፣ በዕውቀት ላይ ዕውቀት ይጨምርልሽ። አሁን ፖስታው ላይ «ተቀባይ» ከሚለው ፊት ስምሽን ጻፍኩ። ጎረቤታችን እንደሚለው፣ ሆዴ የሚላወሰው ይህ ስም ሲጠራ ብቻ ነው።

አባትሽ አብዱልጀሊል፣
ከግራና