ሁለታችንም የተውነው ጫፍ

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? ያ የወገብ ሕመምህ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሳው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትንሿ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኔ ደህና ነኝ፤ ሰውነቴን ማለቴ ነው። ሆዴ ግን ደህና አይደለም። በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተም ትቆጣለህ፣ እኔም አፌን አልይዝም፣ ነገሩ ሳይነገር ጆሮ ላይ እንዘጋጋለን ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሥራዬን ላውራህ፤ ደግሞ ጀመራት ብለህ እንዳትዘለው፣ ነገሬ እዚያ ውስጥ ነው። የምንሠራው ማሽን ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ የሰውን ውስጥ በስክሪን የሚያሳይ ነው። ምስሉ ከካሜራው ተነስቶ በጥንድ በጥንድ ሽቦ ወደ አንዲት ቺፕ ይገባል። ቺፗ የጻፉላትን የምትሠራ ናት፤ የምጽፍላት ደግሞ እኔ ነኝ። ታዲያ እንዲህ ያለ ፈጣን ምልክት ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ሁለቱን ሽቦዎች የሚያገናኝ ሬዚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ካልተቀበለው ነጥሮ ይመለስና ከኋላው የሚመጣውን ያበላሻል። ሬዚስተሩ ቺፗ በተተከለችበት ሰሌዳ ላይ ሊበየድ ይችላል። ቺፗም በሆዷ ይዛዋለች፤ ግን አብሪው ካልተባለች አታበራውም።

ምስሉ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ አስቸገረን። ኬብል ቀየርን፣ ካሜራ ቀየርን፣ ተኮራረፍን። መጨረሻ ላይ ሬዚስተሩስ የት አለ ስንባባል ጉዱ ወጣ። ለካስ ሰሌዳውን የነደፈው ባልደረባዬ፣ ችኩሉ የምንለው፣ እኔን ተማምኖ፣ እሷ ከውስጥ ታበራዋለች ብሎ ቦታ ለመቆጠብ ትቶታል። እኔ ደግሞ እሱ እንደ ወትሮው ሰሌዳው ላይ አድርጎታል ብዬ ከውስጥ አላበራሁትም። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ምስሉ ኩልል አለ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ፊት ግን ድቅን ያለችው እማዬ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ደውላልኝ ነበር። እማዬ ሻይ ስትቀዳላት ከስኒው ውጪ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው፣ እስክነግራትም አላወቀችም አለችኝ። ሐኪሙ የዓይንሽ ግፊት ጨምሯል፣ ቶሎ ታከሚ ካላት ስንት ጊዜው! ለእኔ ስትነግረኝ፣ ወንድም ጋሼ ቅርብ ነው፣ እሱ ይወስድሻል አልኳት። ለአንተ ስትነግርህ ደግሞ፣ እሷ ሐኪሞች ታውቃለች፣ እሷ ትጨርሰዋለች እንዳልካት ትናንት ነገረችኝ። ቅር እንኳ አላላትም እኮ! ሁለታችሁም አላችሁልኝ ብዬ ዝም አልኩ ነው ያለችው። አንጀቴን በላችው። አንዱ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ወንድሜ። ይሄ በሽታ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም።

እየወቀስኩህ አይደለም፤ በምን አፌ! ሌላኛው ዓይኗ ግን ሊተርፍ ይችላል ብለዋል ሐኪሞቹ። ቀጠሮ አስይዤላታለሁ፣ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ትኬቴን ቆርጫለሁ። አንተም እንደምትመጣ አልጠራጠርም። ግን እሱ አለ ብዬ እኔ አልቀርም፤ አንተም እሷ አለች ብለህ እንዳትቀር።

ባለቤትህን በጣም ናፍቃሻለች በልልኝ። ትልቁን፣ በትምህርትህ እንዳትለግም ብላሃለች በለው። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። ለእማዬ ግን በአንተ ሰላምታ አልልክም፤ ራሴ መጥቼ ሰላም እላታለሁ።

ታናሽ እህትህ
ከኪራይ ክፍሌ፣ እሑድ ጥቅምት ፱ ቀን